ከዶክትሬት በኋላ የምርምር ቦታ ፍለጋ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። ከሥራ መልስ በስድስት ኪሎ በኩል ሳልፍ፣ ተማሪ ሳለሁ በላቦራቶሪ ያስተማሩኝን አንድ መምህር በአንድ ቡና ቤት ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ኮምፒዩተራቸውን ከፊታቸው ከፍተዋል፤ ያዘዙት ማኪያቶ ግን ሳይቀመስ በርዷል። በኬሚስትሪ የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ከተቀበሉ ገና ዓመት ስላልሞላቸው «እንኳን ደስ አለዎ ዶክተር» ብዬ እጅ ነሣሁ። እርሳቸው ግን ፈገግ አሉና «ደስታውስ አለፈ፤ አሁን የያዝሁት ሥራ ደጅ መጥናት ነው» አሉኝ።

ምን ደጅ እንደሚጠኑ ብጠይቃቸው ነገሩን አጫወቱኝ። ዶክትሬታቸውን የሠሩት በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የሚገኘውን ፍሎራይድ ስለ ማጣራት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የመከረው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆአችን ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ግን ከዚህ ወሰን ያልፋሉ። በዚያ አካባቢ የሚያድጉ ልጆች ጥርሳቸው የሚበልዘው፣ ሲብስም የአዋቂዎች አጥንት የሚጎዳው በዚሁ ምክንያት ነው። መምህሬ ይህን ሥራ ከፍጻሜ ለማድረስ የተሟላ መሣሪያ ወዳለበት ላቦራቶሪ ሄደው ለ2 ዓመት ያህል ለመመራመር ይፈልጋሉ። በዘመኑ አነጋገር የድኅረ ዶክትሬት ምርምር የሚባለው ይኸው ነው።

በ8 ወር ውስጥ 63 ደብዳቤ ልከዋል። መልስ የሰጧቸው ግን 5 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አምስቱም «ለጊዜው ቦታ የለንም» የሚሉ ናቸው። ደብዳቤውን እንዳየው ፈቀዱልኝ። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ ይጀምርና የመምህሬን የትምህርት ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ይዘረዝራል፤ በመጨረሻም «በታላቁ ተቋምዎ ለመሥራት ያለኝን ብርቱ ፍላጎት እገልጻለሁ» ብሎ ይደመድማል። የተጻፈለት ሰው ስም እንኳ የለበትም። እውነቱን ለመናገር መምህሬ 63 ደብዳቤ አልጻፉም፤ አንድ ደብዳቤ ጽፈው 63 ጊዜ ላኩት እንጂ።

እኔ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከተቀበልሁ ብዙ ያልቆየሁ ሰው ነኝና ስለ ዶክተሮች ጉዳይ ልናገር መነሣቴ ድፍረት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ መንገድ ያለፉትን ሰዎች እየዞርሁ ጠይቄአለሁ፤ የየተቋሙንም ደንብ አንብቤአለሁ። ያገኘሁት ነገር ለዛሬ ተማሪዎች፣ ይልቁንም የእነርሱን ጉዳይ በጠረጴዛቸው ላይ ለሚያስተናግዱ ወጣት ባለሥልጣኖች ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ በዛሬው እሑድ አቅርቤዋለሁ።

ነገሩ ከየት መጣ?

የድኅረ ዶክትሬት ምርምር ዲግሪ አይደለም። ፈተና የለውም፤ ካባም አይለበስበትም። የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘ ሰው በአንድ የበሰለ ሊቅ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት፣ ደመወዝ ወይም መተዳደሪያ ገንዘብ እየተከፈለው የሚመራመርበት ጊዜያዊ ሥራ ነው። የዶክትሬት ተማሪ በመሪ ይሄዳል፤ በዚህኛው ሥራ ግን ብቻውን መሄድ መቻሉን ያስመሰክራል።

ልማዱ የተስፋፋው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ከሮክፌለር ፋውንዴሽን ባገኘው ገንዘብ ለወጣት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ዶክተሮች የምርምር ድጎማ መስጠት ጀመረ። ጥቂት ቆይቶም የዚሁ የሮክፌለር ገንዘብ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ቬርነር ሃይዘንበርግ የተባለው ጀርመናዊ በ1923 በሙኒክ ዶክትሬቱን ከተቀበለ በኋላ፣ በ1924 መጸው በዚህ ድጎማ ኮፐንሃገን ወደሚገኘው ወደ ኒልስ ቦር ዘንድ ሄደ። ዕድሜው ያን ጊዜ 22 ዓመት ነበር። ከዚያ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1925 ክረምት፣ የአቶምን ሳይንስ መሠረት የለወጠውን ጽሑፉን ጻፈ። ሃይዘንበርግ ወደ ቦር የሄደው የከተማውን ስም ብሎ አልነበረም፤ እርሱን እንቅልፍ የነሣው ጥያቄ ቦርንም እንቅልፍ የነሣው ስለ ሆነ ነው።

ከእኛም አገር ምሳሌ አይጠፋም። በፍኖተ ሰላም የተወለዱት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ በ1989 በአሜሪካ ከካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በእፅዋት በሽታ ጥናት ዶክትሬታቸውን እንደ ተቀበሉ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ሆኑ። ከዚያ በ1992 ወደ ኮሎምቢያ ሄደው በዓለም አቀፉ የትሮፒካል ግብርና ማእከል ለብዙ ዓመታት በግጦሽ ሣር በሽታ ላይ ተመራመሩ። በ2013 ደግሞ በናይሮቢ የሚገኘው የነፍሳት ጥናት ዓለም አቀፍ ማእከል፣ በአጭር ስሙ ኢሲፔ የሚባለው ተቋም፣ ዋና ዳይሬክተር ሆኑ። በኮርኔል ያሳለፉት ጥቂት ዓመት በረጅሙ መንገዳቸው ላይ ድልድይ ነበር። ድልድይ መሻገሪያ እንጂ መኖሪያ አለመሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለቱ መንገዶች

ለዚህ ሥራ የሚከፈለው ገንዘብ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ መፈለግ በር ሳይለዩ እንደ ማንኳኳት ነው።

አንደኛው ገንዘቡ አስቀድሞ በፕሮፌሰሩ እጅ ሲገኝ ነው። ፕሮፌሰሩ ለተወሰነ ምርምር ከመንግሥት ወይም ከአንድ ድርጅት ገንዘብ ያገኛል፤ የሚሠራለት ሰው ይሻል፤ ማስታወቂያ ያወጣል። እንዲህ ያለው ማስታወቂያ የአውሮፓ ኮሚሽን ባቋቋመው ዩራክሰስ በተባለው ድረ ገጽ፣ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የሥራ ገጽ፣ እንዲሁም በየዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ይወጣል። የዚህ መንገድ ጥቅሙ ገንዘቡ ዝግጁ መሆኑ ነው። ጉዳቱ ግን ጥያቄውን የመረጠው ሌላ ሰው መሆኑ ነው። ማስታወቂያው አንድ መሣሪያ ማንቀሳቀስ የሚችል ሰው ከጠየቀ፣ ያን መሣሪያ የማያውቅ አመልካች ሌላ ምንም ያህል ቢያውቅ አይጠቀምም። ደግሞም ብዙ ጊዜ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ፕሮፌሰሩ ወዳጆቹን «ጥሩ ሰው ታውቃላችሁን?» ብሎ ይጠይቃል። በጉባኤ ላይ ጽሑፉን ያቀረበና በሻይ ሰዓት ሰው ያነጋገረ ወጣት ስሙ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አመልካቹ ራሱ ገንዘቡን ተወዳድሮ ይዞ የሚሄድበት ነው። በዚህ በኩል ሦስት የታወቁ ተቋሞችን እጠቅሳለሁ። በቦን ከተማ የሚገኘው የጀርመን የአሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ፋውንዴሽን ለድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪዎች ከ6 እስከ 24 ወር የሚቆይ ድጎማ ይሰጣል። ለአገርም ሆነ ለትምህርት ዘርፍ ኮታ የለውም፤ ማመልከቻውንም በማንኛውም ወቅት ይቀበላል። የአውሮፓ ኅብረት በማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ ስም የሚሰጠው ድጎማ ደግሞ የማንኛውም አገር ዜጋ የሚወዳደርበት ሆኖ፣ ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጅ መስከረም ይዘጋል። የጃፓን የሳይንስ ማበረታቻ ማኅበር ከ12 እስከ 24 ወር ወደ ጃፓን ያስመጣል፤ ማመልከቻውን የሚያስገባው ግን እንግዳው ሳይሆን ተቀባዩ ጃፓናዊ ሊቅ በተቋሙ በኩል ነው።

እነዚህ ሦስቱ በብዙ ነገር ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ። አመልካቹ አስቀድሞ «ይምጣ፣ እቀበለዋለሁ» የሚል ሊቅ ማግኘት አለበት። ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ መጨረሻው አንድ ደጅ ነው። ቦታው ያለው በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ ውስጥ ሳይሆን አንድ ሊቅ ገና ባልመለሰው ጥያቄ ውስጥ ነው።

ጊዜው ይቆጥራል

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገር ጊዜ ነው። ለሁምቦልት የድኅረ ዶክትሬት ድጎማ አመልካቹ ዶክትሬቱን ከጨረሰ 4 ዓመት ሊያልፈው አይገባም። ለጃፓኑ ወሰኑ 6 ዓመት ነው። ለማሪ ኩሪው ከዶክትሬት በኋላ የሚቆጠረው የምርምር ጊዜ ከ8 ዓመት መብለጥ የለበትም፤ ከዚህም ጋር አመልካቹ ካለፉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ በሚሄድበት አገር የኖረ ወይም የሠራ እንዳይሆን ደንቡ ያዛል።

ይህ ቁጥር በእኛ አገር ምን ማለት እንደ ሆነ እናስተውል። አንድ መምህር ዶክትሬቱን እንደ ተቀበለ በሳምንት ብዙ ሰዓት ማስተማር ይታዘዛል፤ ቀጥሎ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይደረጋል፤ ከዚያም የኮሚቴ ሰብሳቢ ይሆናል። ሹመቱ ክብር ነው፤ እምቢ ማለትም ያስነውራል። ይሁን እንጂ ሦስት ዓመት እንዲህ ሲያልፍ አንድ አዲስ ጽሑፍ አላሳተመም፤ የሁምቦልቱ በር ሊዘጋ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶታል። ስለዚህ ያነጋገርኋቸው ሰዎች ሁሉ በአንድ ቃል የሚመክሩት፣ ፍለጋው መጀመር ያለበት ከመመረቂያው በኋላ ሳይሆን የመመረቂያው ጽሑፍ ከመቅረቡ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ዛሬ በዶክትሬት ትምህርት ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ይህን በማስታወሻችሁ ያዙት።

ደብዳቤው እንዴት ይጻፍ?

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንዲሉ፣ ያ ሁሉ የዓመታት ድካም የሚመዘነው በመጀመሪያ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። አንድ ስሙ የታወቀ ፕሮፌሰር እንዲህ ያለ ደብዳቤ በየሳምንቱ ይደርሰዋል። በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ደብዳቤን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት አስጽፎ በአንድ ሌሊት ለመቶ ሰው መላክ ስለሚቻል የደብዳቤው ጎርፍ በርትቷል። አንባቢው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አይቶ ለእርሱ የተጻፈ መሆን አለመሆኑን ይለያል።

መምህሬና እኔ የተነጋገርነውን ላቅርብ። አስቀድመው ፍሎራይድን የሚያጣሩ ነገሮችን ከሚመረምሩ ሰዎች 6 ብቻ መረጡ። የእያንዳንዱን ሰው የቅርብ ጊዜ ጽሑፍ ሁለትና ሦስት ያህል አነበቡ። ከዚያ በአንደኛው ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር አዩ። የማጣሪያው ኀይል የተፈተነው በላቦራቶሪ በተዘጋጀ ውሃ ነበር። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ ግን ባይካርቦኔት በብዛት ያለበት ነው፤ ይህም ነገር ማጣሪያው ፍሎራይድን እንዳይዝ ይሻማል። እንግዲህ በላቦራቶሪ ድንቅ የሆነው ማጣሪያ በመንደሩ ጉድጓድ ዘንድ ሊደክም ይችላል። መምህሬ ደግሞ ከእውነተኛ ጉድጓዶች የለኩት የብዙ ዓመት መዝገብ አላቸው። «ይህን ለምን አልጻፉላቸውም ነበር?» ብላቸው ጥቂት ዝም አሉና «እኔ የጎደለኝን ነው እንጂ ያለኝን መጻፍ አላሰብሁም» አሉኝ።

ይህ አነጋገር ከልቤ አልጠፋም። አብዛኞቻችን ደብዳቤ የምንጽፈው እንደ አቤቱታ ነው፤ ችግራችንን እንዘረዝራለን፤ የተጻፈለትንም ሰው እናሞግሳለን። ለሊቅ የሚጻፍ ደብዳቤ ግን የባልደረባ ደብዳቤ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ከሥራው የትኛውን እንዳነበቡና ምን ጥያቄ እንዳሳደረብዎ ይንገሩት። በሁለተኛው እርስዎ ምን እንደ ሠሩ፣ በየትኛው መሣሪያና ዘዴ እንደ ሠለጠኑ ይጻፉ። በሦስተኛው አብራችሁ ብትሠሩ የሚመለስ አንድ ጥያቄ ያቅርቡ። በአራተኛው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ በግልጽ ያስቀምጡ፤ «በእርስዎ ዘንድ ክፍት ቦታ ካለ፤ ባይኖርም በሁምቦልት አብረን ብናመለክት» ማለት ይቻላል። ይህ የመጨረሻው ነገር ትልቅ ኀይል አለው፤ ገንዘብ የሌለው ፕሮፌሰር እንኳ እሺ ለማለት የሚከፍለው የለምና።

ከደብዳቤው ጋር ሁለት ገጽ ያህል የሕይወት ታሪክ፣ የታተሙ ጽሑፎች ዝርዝር፣ ስለ እርስዎ ሊመሰክሩ የሚችሉ የሦስት ሰዎች ስም ይያያዛል። ምስክሮቹን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ስሙን ሳያውቅ የተሰጠ ሰው ቀዝቃዛ ምስክር ይሆናል። ስለ ጽሑፎቹም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ገንዘብ ተቀብለው ያለ ምርመራ የሚያትሙ መጽሔቶች በዝተዋል፤ በእነዚህ የታተመ አሥር ጽሑፍ በተከበረ መጽሔት የታተመውን አንዱን ያቆሽሸዋል እንጂ አያደምቀውም። መልስ ካልመጣ ሁለት ሳምንት ጠብቆ አንድ ጊዜ ማስታወስ ጨዋነት ነው፤ ከዚያ በላይ መነዝነዝ ነው። ለማመልከቻ ገንዘብ ክፈሉ የሚል ደላላ ከመጣ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ መሸሽ ይበጃል። የሁምቦልትም ሆነ የማሪ ኩሪ ድጎማ የማመልከቻ ክፍያ አይጠይቅም።

በደጃችን ያለው

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል። የድኅረ ዶክትሬት ምርምር ሲነሣ ሁላችንም ወደ ቦስተንና ወደ በርሊን እንመለከታለን። ነገር ግን ዓለም አቀፉ የከብት እርባታ ምርምር ተቋም ከሁለቱ ዋና ቦታዎቹ አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ሌላው ናይሮቢ ነው። ተቋሙ በ1994 ሲመሠረት ከ1974 ጀምሮ በከተማችን የነበረውን የከብት ማእከል ወርሷል። ለድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪዎችም በየጊዜው ማስታወቂያ ያወጣል። በናይሮቢ ያለው ኢሲፔ እንዲሁ ያደርጋል። የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም በየዓመቱ ብዙ ቦታ ያወጣሉ፤ ብዙዎቹ ዶክትሬቱ ከ5 ዓመት ወዲህ የተገኘ እንዲሆን ይጠይቃሉ። የምርምሩ ጥያቄ አፍሪካዊ ከሆነ፣ ጉድጓዱና ሰብሉ፣ ከብቱና ተባዩ የሚገኙት እዚሁ ነው።

እሺ ከማለት በፊት

መልስ የመጣለት ሰው ደስታው ያሳውረዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዳይሆን ግን ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። የሚከፈለው ደመወዝ ነው ወይስ የመተዳደሪያ ድጎማ? በጀርመን ለምሳሌ በቅጥር ውል የሚሠራ ሰው የሕክምናና የጡረታ መድኅን ይኖረዋል፤ በድጎማ የሚኖር ግን መድኅኑን በራሱ ያሟላል። ገንዘቡስ ለኑሮው ይበቃል ወይ? የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በ2024 የበጀት ዓመት ለጀማሪ የድኅረ ዶክትሬት ሠልጣኝ የወሰነው 61,008 ዶላር ነበር። ይህ ቁጥር በብር ሲመነዘር ያስደነግጣል፤ ነገር ግን የሚበላው በዶላር እንጂ በብር ስላልሆነ የከተማውን የቤት ኪራይ አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ለትዳር ጓደኛና ለልጆች ፈቃድ ይሰጣል ወይ? ሥራው ሲያልቅ የጀመሩትን ጥያቄ ይዞ መውጣት ይቻላል ወይ? በአሜሪካ የጄ 1 ቪዛ ከያዙት አንዳንዶቹ፣ ሥራቸው ሲያልቅ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሁለት ዓመት ካልኖሩ ወደ አንዳንድ ሌሎች ቪዛዎች መዛወር እንደማይችሉም ማወቅ ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ለፕሮፌሰሩ ሳይሆን ከዚህ ቀደም አብረውት ለሠሩት ሰዎች የሚቀርበው ነው። ከላቦራቶሪው ወጥተው አሁን የት ናቸው? ጽሑፋቸው በስማቸው ታትሟልን? እንደ ሰው ተከብረው ነበርን? ስማቸው በላቦራቶሪው ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፤ ብዙዎቹም ሲጠየቁ እውነቱን ይናገራሉ።

እውነቱን ለመናገር

ወጣቱን አበረታታለሁ ብዬ እውነቱን ብሸሽግ በደል ይሆንብኛል። የእንግሊዝ የሳይንስ አካዳሚ፣ ሮያል ሶሳይቲ፣ በ2010 ባወጣው ጥናት መሠረት በዚያ አገር ከሳይንስ ዶክተሮች መካከል በዩኒቨርሲቲ ቋሚ የምርምር ሥራ የሚያገኙት 3.5 በመቶ፣ ፕሮፌሰር የሚሆኑት 0.45 በመቶ ነበሩ። ይኸውም ከ200 ሰዎች 7 ቋሚ ቦታ ሲይዙ ለፕሮፌሰርነት የሚደርስ አንድ ሰው እንኳ በጭንቅ ነው ማለት ነው። በጀርመን ሕግ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በመደበኛው ከዶክትሬት በፊት 6 ዓመት፣ ከዶክትሬት በኋላ 6 ዓመት በጊዜያዊ ውል ሊሠራ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ቋሚ ቦታ ካላገኘ ብዙ ጊዜ መሰናበት ይመጣል። በ2021 የአገሩ ወጣት ሊቃውንት ይህን በመቃወም ብዙ ጩኸት አሰምተዋል።

ውድድሩም ከብዷል። ለማሪ ኩሪ ድጎማ በ2024 ከቀረቡት 10,360 ማመልከቻዎች የተመረጡት 1,696 ናቸው፤ ከ6 ሰው አንድ መሆኑ ነው። በ2025 ግን የአመልካቹ ቁጥር ከ17 ሺህ በላይ ሆነ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ መንግሥት ብዙ የምርምር ገንዘብ ስለ ሰረዘና ስላገደ አያሌ ዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር አቁመው ነበር።

ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ወደዚህ ድልድይ የሚወጣ ሰው በማዶ ምን እንደሚጠብቀው ዐውቆ ይውጣ ለማለት ነው። የሚመለስበት ሥራና የሚመለስበት ጥያቄ ያለው ሰው፣ የፈረንጅ አገር ቋሚ ወንበር ባያገኝም እጁን አጣጥፎ አይቀርም። በዚህ በኩል የእኛ አገር መምህር ከብዙ የውጭ አገር ወጣቶች ይሻላል፤ ቦታው ተጠብቆለት ሄዶ የሚመለስበት ዕድል አለውና። ይህ እንዲሆን ግን የሚሰናበተውና የሚያሰናብተው መግባባት አለባቸው።

ለወጣት ባለሥልጣኖች

በመጨረሻ የምናገረው ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ላላችሁት ነው። አንዲት የማውቃት መሐንዲስ ባለፈው ጊዜ በውጭ አገር ጥሩ የምርምር ቦታ አገኘች። ተቀባዩ ሊቅ የገንዘቡ ውል የሚጀምርበትን ቀን ቆርጦ ላከላት። የቀራት ከምትሠራበት መሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ደብዳቤው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ሲንከባለል፣ አንዱ ፈራሚ በስብሰባ፣ ሌላው በመስክ ሥራ ሲሆን 7 ሳምንት አለፈ። ፊርማው ሲያልቅ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ማንም «አይሆንም» አላላትም፤ ሁሉም «ነገ ነይ» አላት እንጂ። ዛሬም በዚያው መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ ነገሩን ስታወራልኝ ድምፅዋን አላነሣችም።

ወጣት ባለሥልጣን ሆይ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት በጠረጴዛህ ላይ ሲወድቅ የምትይዘው ወረቀት ብቻ አይደለም። ፈቃድ የሚከለከል ከሆነ ምክንያቱን ጽፈህ በቶሎ ከልክል፤ ሰውየው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የሚፈቀድ ከሆነ ግን በሳምንቱ ፍቀድ። ለመመለሱ ዋስትና ካስፈለገም ውሉን አስቀድመህ አዘጋጅተህ ጠብቀው። በዘገየ ፊርማ የቀረ ሰው መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ልቡ አያገለግልም፤ በጊዜ ተፈቅዶለት የሄደ ግን የሚመለስበት ፊት ይኖረዋል።

ወደ መምህሬ ልመለስ። ስድስቱን ደብዳቤ ለመጻፍ አምስት ሳምንት ፈጀባቸው። ሁለት ሰዎች መለሱላቸው። አንደኛዋ «የጉድጓዶቹን ልኬት ልመልከተው» ብላ ጠየቀች፤ ከላኩላትም በኋላ በኮምፒዩተር እየተያዩ ለአንድ ሰዓት ያህል ተነጋገሩ። አሁን ማመልከቻውን አብረው በማዘጋጀት ላይ ናቸው። ይሳካ ወይም አይሳካ ገና አልታወቀም። ባለፈው ሐሙስ በዚያው ቡና ቤት ስንገናኝ ግን ስለ ደጅ ጥናት አላነሡም። ማኪያቶአቸውን እየጠጡ ስለ ባይካርቦኔት ሲያስረዱኝ መሸብን።